በአባቴ ቦታ የተሰቀለው ፈረንጅ

ዛሬ እርድ ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ፣ ሻጯ በአሮጌ የፈረንጅ ጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ በጥቁር መስመር ብቻ የተሠራ የአንዲት ሴት ፊት አለ። መንገድ ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው ልጄ፣ እርድ ነው የገዛሽ ወይስ ዘመድ አገኘሽ?» አለችኝ ሻጯ፤ ዙሪያዋ ያሉት ሳቁ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። መጻፍ ከለመድኩ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይህን አንዱን ግን ስሸሸው ቆይቻለሁ።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ነጋዴ አጅበው ቆላ እንደወረዱ በንዳድ ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። መርዶው የደረሰን ክረምቱ ሲገባ፣ የፈላና በር መንገድ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። በእኛ ቤት ወግ፣ ሬሳው ሩቅ ለቀረ ሰው ልብሱንና ጠመንጃውን እንጨት ላይ አድርገው፣ የመልኩን ምስል ከላይ ሰቅለው ያለቅሱለታል። አባቴ ግን ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም። እናቴ «ፊት የሌለው ለቅሶ አላለቅስም» ብላ እህል ሳትቀምስ ዋለች።

እኔም ወደ አባቴ ወዳጅ፣ ወደ መጽሐፍ ደጓሹ አው ዑመር ሮጥኩ። እሳቸው አሮጌ ወረቀት በሙጫ እያነባበሩ ለመጽሐፍ ልባስ የሚሆን ገበታ ይሠራሉ። ከክምሩ ውስጥ የአንድ ጢማም ሽማግሌ ሥዕል አወጡልኝ። በአያቶቻችን ዘመን ፈረንጆቹ ብረት ላይ ጭረው ያተሙት ነው አሉ።

«አባቴን ራስዎ አይሥሉልኝም?»

«አስተግፊሩላህ! እኔ የሰው መልክ አልሠራም። ይሄን ሌላው ሠርቶ ኃጢአቱን ተሸክሟል፤ እኛ ማየት ብቻ ነው። በይ ፊቱን ተይው፣ መስመሩን ተከተይ።»

በወስፌያቸው ጫፍ መሩኝ። ጉንጩ ላይ መስመሩ እንደ ተራራ እርከን ይታጠፋል፤ ከዓይኑ ሥር አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ይጠቁራል፤ ወደ ግንባሩ ሲወጣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይጠፋል።

«ግንባሩ ላይ ምን አለ?»

«ብርሃን» አልኩ።

«ምንም የለም። ባዶ ወረቀት ነው። ሠሪው መቼ እጁን እንደሚያነሣ ያውቃል።»

ሰውዬው ደግሞ ከመሐል ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል፤ በሚያይበት በኩል ሰፊ ባዶ ቦታ ተትቶለታል። የካባው እጥፋት ሁሉ ወደ ፊቱ ያዘነብላል። መርዶ በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ልቤ በደስታ ዘለለ። ያፈርኩት ኋላ ነው።

የለቅሶው ዕለት ሰውዬው ከአባቴ ጋቢ በላይ ተሰቀለ።

«ኧረ ይሄ ፈረንጅ ነው!» አለች አክስቴ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አለች እናቴ። «ጢሙ የሳቸው ነው። ዛሬ እሳቸው ናቸው።»

ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። እኔን ብቻ እንባ እምቢ አለኝ፤ በዓይኔ የሥዕሉን መስመር እከተል ነበር።

ወረቀቱ ከዚያ በኋላም ቤታችን ግድግዳ ላይ ቀረ። ዓመቱ ሲዞር፣ ዓይኔን ጨፍኜ አባቴን ባስብ የሚመጣው ፈረንጁ ሆነ፤ ከነጢሙ፣ ከነመስመሩ። ደንግጬ እናቴን «የአባዬ አፍንጫ እንዴት ነበር?» አልኳት። ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዞር ብላ ወረቀቱን አየች።

«እንዲያ ነበር» አለችኝ። ዳግመኛ ጠይቄያት አላውቅም።

ዛሬ እርዱን ለእናቴ ሰጥቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ከአባቴ ትዝታ የእኔ የሆነውን ብቻ ጻፍኩ፤ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ስለነበር ሲስቁ አፋቸውን በግራ እጃቸው ይሸፍኑ ነበር። አፍንጫቸውን ልጨምር ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። የመጣልኝ የፈረንጁ ነው።

እጄን አነሣሁ። የቀረውን ገጽ ባዶ ተውኩላቸው።