የክራሩ ተራ

የባለቤቴ የንግግር ድምፅ አለኝ። ስልኬ ውስጥ ዳቦ ልግዛ ወይ ሲል፣ ጎማ ተነፈሰብኝ ሲል፣ ዛሬ ዳውንታውን የኳስ ጨዋታ ስላለ አመሻለሁ ሲል ይሰማል። ልጄ እነዚህን መልእክቶች ሁሉ ሰብስባ አንድ ቦታ አስቀምጣልኛለች። ክራሩን ሲመታ የሚሰማበት ግን አንድም የለም። ለብዙ ዓመታት በዚህ ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ማዶ ሲጫወት ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ አሰሙኝ ብል የሚያሰማኝ የለም። ይህን ለሰው ስናገር፣ በዚህ ዘመን እንዴት እንዲህ ይሆናል ይሉኛል። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ሦስት ነበሩ። ባለቤቴ ክራር ይጫወታል፤ እንጀራው ዳውንታውን ከአንድ ሆቴል ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። ዋሽንት የሚነፋው ጓደኛው የወሎ ሰው ነው፤ ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። ማሲንቆ የሚመታው በዕድሜ ከሁለቱም ያንሳል፤ ፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። ሦስቱም ፈረቃቸውን እንደምንም አስተካክለው ሰኞ ከሰዓትን ባዶ አድርገዋታል። ሰኞ ሰኞ እዚህ ሎረንስቪል፣ እኛ ቤት ጋራዥ ውስጥ ይገናኛሉ። መኪናዎቹን ወደ ውጭ ያወጣሉ፣ የጋራዡን በር ግማሽ ድረስ ያወርዳሉ፣ የሚታጠፉትን ወንበሮች ዘርግተው ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያው ጊዜ የሚያልፈው በቅኝትና በስድብ ነበር። የወሎው ሰው ማሲንቆው ዛሬ ምን በልቶ እንደሚያገሳ ይጠይቃል። ማሲንቆ መቺው፣ ጋሼ መጀመሪያ ዋሽንትዎ ጉንፋኑ ይሻለው ይላል። ባለቤቴ ጆሮውን ክራሩ ላይ አስደግፎ መቃኛውን እያዞረ ለብቻው ይስቃል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ፎጣ አጥፋለሁ። ፎጣ የሚያልቅበት ቀን ስለነበረ፣ የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና ያጠፍኩበት ሰኞ ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ ማሲንቆ መቺው በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ሰው ወደደላቸው። ሬስቶራንት ያለው አንድ ሰው ደውሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ዘንድ ቢጫወቱ ፖስተር እንደሚያሠራላቸው፣ ስማቸውም እንደሚወጣ ነገራቸው። አንድ ቅዳሜ ሄዱ። ባለቤቴ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሰዉ እንዳጨበጨበላቸው፣ መድረኩም እንዳማረ ነገረኝ። ከዚያ ኮቱን እያወለቀ፣ "ሦስታችንም ወደ ሰዉ ነበር የምናየው፤ ማናችንም ማንንም አልሰማንም" አለ።

በቀጣዩ ሰኞ ተማከሩ። ቪዲዮው እንዲጠፋ ተስማሙ፤ ማሲንቆ መቺውም እያጉረመረመ አጠፋው። ከዚያ ወዲያ ስልክ ጋራዡ ውስጥ አይገባም ተባለ። ሲመጡ ስልኮቻቸውን ልብስ ማድረቂያ ማሽኔ ውስጥ ከተው በሩን ይዘጋሉ፤ ቢጮሁ እንዳይሰማ ነው። አንድ ቀን እርጥብ አንሶላ ይዤ ስከፍተው ሦስቱም እንደ እንቁላል ተደርድረው አገኘኋቸው። የኔም ስልክ ሰኞ ሰኞ ቦርሳዬ ውስጥ ይውል ነበር። ማንም ያዘዘኝ የለም። የሚጫወቱት ለኔም እንዳልነበረ ስለማውቅ፣ እንዲያው በግድግዳ አልፎ ስለሚደርሰኝ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ የሞተው በዚህ ዓመት ነው፤ ያ ቢጫ የጥድ ብናኝ መኪናውን ሁሉ በሚያለብስበት ወቅት። ሰኞ ተጫወቱ። ማክሰኞ ሥራ ሄደ፤ ፓርኪንጉ መግቢያ ላይ ካለችው ጎጆ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

በቀብሩ ማግሥት ጠዋት፣ ለቀስተኛው መምጣት ሳይጀምር፣ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ክራሩ ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። አውራ ጣቴን ክሮቹ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳለፍኩት። ያው ድምፅ ወጣ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ምንም ከመጀመሩ በፊት፣ አንዴ እንዲህ ያደርገው ነበር። ውጭ ውሎ የገባ ሰው እንደምን ዋላችሁ እንደሚለው ነው። ሰኞ በእጁ የወጠራቸው ክሮች እሱ በተዋቸው ቦታ ላይ ነበሩ። እሱ ከሞተ ወዲህ እሱ እንዳደረገው የቀረ ነገር ይህ ብቻ ነበር። አልጋውን ሰዎች አንጥፈውታል፣ መኪናውን ልጄ ነድታዋለች፣ ጫማዎቹን አንዲት ደግ ሴት ጠርጋ ደርድራቸዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ጣቴን አሳልፋለሁ። ሁለተኛ አልነካውም። በጣቴ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ሙቀቱ እየመጣ ነው፤ የዚህ አገር እርጥበት ቆዳ ያላላል፣ ክር ያወርዳል፤ እሱ ራሱ በበጋ ሲያማርር የምሰማው ነገር ነው። ልጄን እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዢልኝ አልኳት። ገዝታ አመጣች። ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳበራው ታየኛለች። ምን እንደምመስል አውቃለሁ። ክሩ አንድ ቀን በራሱ እንደሚወርድም አውቃለሁ። ቀስ ብሎ ይሂድ ብዬ ነበር። እሱ ቀስ ብሎ አልሄደም።

በአርባው ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። ሁለቱ ጓደኞቹ ከጋራዡ ወንበር ሲያወጡና ሲመልሱ ዋሉ። ያን ቀን ጠዋት በግርግሩ ወደ ክራሩ አልሄድኩም ነበር። ሰዉ ከወጣ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ወረድኩ። ጣቴን ሳሳልፈው ክሮቹ ቆዳው ላይ ተኝተዋል። የወጣው ድምፅ አልነበረም፤ የናይለን መንቀጥቀጥ ነበር። መቃኛዎቹን አየኋቸው፤ ሁሉም ወደ ኋላ ዞረዋል። በእርጥበት የሆነ አይደለም፣ በእጅ የተደረገ ነው። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ የወደቅሁ መስሏት ጮኸች።

ለወሎው ሰው ደወልኩለት። መኪና እየነዳ ነበር፤ ድምፄን ሲሰማ ዳር ይዞ ቆመ። ማን እንደነካው ጠየቅሁት።

"እታለም፣ እኔ ነኝ" አለኝ። "የሞተ ሰው ክራር ተወጥሮ አይቀመጥም። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ መቃኛው ያለበት ቀንበር ይጎብጣል። የሚያላላውም አብሮት የተጫወተ ነው። እኔንም ያስተማረኝ ሰው እንዲህ ነው ያሳየኝ። ዓይኑን እንደ መክደን ነው።"

ሥራውን በጥንቃቄ እንደሠራ ከአነጋገሩ ገባኝ። በአርባው ቀን፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ፣ ለጓደኛው የመጨረሻውን ነገር አድርጎለታል። ምናልባት አልቅሶም ይሆናል። እኔ ግን ያልኩት፣ "እኔ ሳይከደን ነበር የፈለግሁት" የሚል ነው። የመኪናውን የአደጋ መብራት ቲክ ቲክ ሲል እሰማዋለሁ። ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በደንብ አላስታውሳቸውም። ያንን የጠፋ ቪዲዮ ፍለጋ ነው ያሳለፍኳቸው። ማሲንቆ መቺው አሮጌ ስልኩን ከመሳቢያ አውጥቶ አመጣልኝ፤ ባዶ ነው። ያኔ ቪዲዮውን ያዩ ሰዎች ዘንድ ደወልኩ፤ ጥሩ እንደነበር ያስታውሳሉ እንጂ ያስቀመጠው የለም። ልጄ ከሥራ እየመጣች ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ኮምፒውተር ሥራዋ ስለሆነ ታገኘዋለች ብዬ ከፊቷ ቁጭ ብዬ ፊቷን አያለሁ። አንድ ምሽት ክዳኑን ዘጋችና፣ "ማሚ፣ የለም። ዲሊት ሲያደርጉት ከሁሉም ቦታ ነው የጠፋው። አይ ሚን፣ እኔም እኮ ፈልጌዋለሁ፤ ለራሴም" አለች። ያን ጊዜ ነው እሷም የአባቷን ክራር እንደምትፈልገው የገባኝ። ተቃቅፈን ተቀመጥን፤ ያም ቢሆን አላሳረፈኝም።

በሚቀጥለው ሰኞ ሁለቱም ሳይደውሉ መጡ። የወሎው ሰው በር ላይ ቆሞ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ማሲንቆ መቺው ነው የተናገረው። "እትዬ፣ እንመልሰዋለን" አለኝ። "የጋሼ ዋሽንት አይቃኝም፤ ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል። ሁላችንም ሰኞ ሰኞ የምንቃኘው በእሱ ነው። እሱ ይነፋል፣ እኔ ክሩን እወጥራለሁ፣ እርስዎ ደግሞ ይሰማሉ።"

ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። የወሎው ሰው አንዱን ድምፅ ረዘም አድርጎ ነፋ፤ ማሲንቆ መቺው መቃኛውን እያዞረ ክሩን አመጣው። አንዱን፣ ከዚያ ቀጣዩን። ሁሉንም ጨርሰው ክራሩን ሰጡኝ። ጣቴን አሳለፍኩ። ጥሩ ቅኝት ነው። ግን የሱ መሰለኝ፣ ደግሞ አልመሰለኝም። ሦስተኛው ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር አልኩ። ዝቅ አደረገው። አሁን የባሰ ሆነ። የወሎው ሰው ቀስ ብሎ፣ ባለቤቴ ሁልጊዜ ክሩን ልክ የዋሽንቱ ድምፅ ላይ እንደማያቆመው፣ አንዳንዱን ክር ለራሱ ጆሮ ነካ እንደሚያደርገው ተናገረ።

"የትኛውን?" አልኩት።

"እንደ ቀኑ ነው፣ እህቴ።"

ማሲንቆ መቺው ግን የመጨረሻውን ክር ከፍ ያደርገዋል ባይ ነው። ተከራከሩ። የወሎው ሰው፣ አንተ ልጅ የራስህን ማሲንቆ መቃኘት ሳታውቅ አለው፤ እሱም፣ ጋሼ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ሲነፉ የት ያዩታል አለው። እንደ ድሮው ሊሳሳቁ ነበር፣ ሳያልቅ ተዉት። እንደገና ወጠሩ፣ እንደገና አሳለፍኩ። ይኼ ነው? አሉኝ። ከፍ አድርገው። ይኼስ? ዝቅ አድርገው። እያንዳንዱ አዲስ ድምፅ በመጣ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ያለው እየደበዘዘ ሄደ። ስጀምር የያዝኩት ነገር ነበረኝ። በየጠዋቱ የሰማሁት፣ በውስጤ የታተመ የሚመስለኝ። አሁን ሳዳምጥ የምሰማው ማሲንቆ መቺው ቀድሞ የወጠረውን፣ ከሱ በፊት የወጠረውን ነው። በገዛ እጄ እያጠፋሁት ነበር።

"በቃ፣ ተዉት" አልኩ። "አላስታውሰውም።"

የወሎው ሰው ክራሩን ከእጄ ተቀብሎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። እጁን የሚያደርግበት ስላጣ መሰለኝ፣ ዋሽንቱን አንስቶ መንፋት ጀመረ። ሰኞ ሰኞ ከሚጫወቱት አንዱን ነው። ማሲንቆው ጥቂት ቆይቶ ተከተለው። የነሱ አጨዋወት መቀባበል ነው። ዋሽንቱ ይጀምራል፣ ማሲንቆው ይቀጥላል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ሲሉ ክራሩ ብቻውን ይመልሳል። እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። አስበው ያደረጉት አይመስለኝም፤ እጃቸው ነው የቆመው። የእርጥበቱ ማሽን ሲያጉረመርም ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ልክ ባለቤቴ ሲጨርስ በሚገቡበት ላይ አብረው ገቡ። ክራሩ አልተሰማም፤ የሚቆይበትን ልክ ግን አወቅሁት። ይህን ለመርሳት የምችል አልመሰለኝም። ደጋግመው ተጫወቱት፣ በየዙሩ ዝም አሉለት፤ እኔም ያን ዝምታ ይዤ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ። እንዲመጡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ስልኮቻቸው እንደ በፊቱ ማድረቂያው ውስጥ ይገባሉ። ልጄ አንድ ጊዜ፣ ማሚ፣ ይህንንስ ለምን አንቀርጸውም ብላኝ ነበር። ምኑን እንቅረጽ? ሁለት ሰው ሲጫወት መሃል ላይ ዝም ሲል? አልኳት። የእርጥበቱን ማሽን አጥፍቼዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ዝም የሚሉባትን ቦታ ነው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ፎጣውን እጄ ላይ እንደያዝኩ እቆማለሁ።

ባለፈው ሰኞ ማሲንቆ መቺው ከወትሮው ዘግይቶ መጣ። መንገዱ ተጨናንቆበት ነው፤ ደክሞታል፣ ግን ደስ ብሎት ነበር። ጥሩ ተጫወቱ። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲጫወቱ አልሰማሁም። የክራሩ ተራ ሲደርስ ዋሽንቱ ቆመ። ማሲንቆው አልቆመም። ደጋኑ ሳይታወቀው አለፈና ያንን ቦታ ሞላው፤ ዜማውን ከወዲህ ወዲያ አሻገረው፤ ዋሽንቱም ግራ ሳይጋባ ተቀበለው።

ስህተት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም ስህተት አልነበረም። በሚቀጥለው ዙር ዋሽንቱም አልቆመም።

ደግሞም ያምራል። ከግድግዳው ወዲህ ቆሜ ሰማሁት፤ ያምር ነበር። ገብቼ ተዉ ልላቸው እጄን በሩ ላይ አደረግሁ። ምን ብዬ? ፎጣዎቹን አጥፌ ጨረስኩ፤ እነሱም ጨርሰው፣ ስልካቸውን ለመውሰድ እየተቀላለዱ በአጠገቤ አለፉ። የወሎው ሰው፣ "እታለም፣ ዛሬስ ደህና ተጫወትን አይደል?" አለኝ።

"ደህና ተጫወታችሁ" አልኩት።