የወልደ ገብርኤል እግር

ይርጉ በፈረንጅ አገር፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ፣ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ የሚያመላልስ የፓርኪንግ ሻትል የሚነዳ አንገተ ደፋ ሰው ነው። እንግሊዝኛው እንደ ልቡ ስለማይታዘዝለት ከተሳፋሪ ጋር የሚያወራው አንድ ወሬ ብቻ ነበረው፤ ቤዝቦል፣ ያ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ። ሻንጣ እያወረደ «ዛሬ መታ?» ይላል። የማያውቀው ፈረንጅ ይስቅና ትከሻውን ቸብ አድርጎት ይሄዳል። ያቺ ቸብታ ለቀኑ ትበቃው ነበር።

መታ ወይ የሚለው ስለ አንድ የከተማው ቡድን ተጫዋች ነው። ቁመቱ ዘለግ ስላለ ይርጉ ሎንጌ ይለዋል። በፈረንጅ 2003፣ በበልጉ ላይ፣ የሎንጌ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። አበቃለት ተባለ። ይርጉ በታኅሣሥ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ማንም ሳይሰማው፣ «ይህን ሰው በእግሩ ካቆምክልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብሎ ተሳለ።

ሎንጌ ተነሣ። መነሣት ብቻ መሰላችሁ! አንገቱ ደንድኖ፣ ክንዱ ግንድ አክሎ፣ ኳሷን በየቀኑ እየመታ ከአጥሩ ማዶ ይሰዳት ጀመር። ይርጉም በዓመቱ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ለማን ነው ቢሉት እውነቱን መናገር አፈረ።

«ለ... ለአንድ ዘመዴ እግር ነው» አለ።

እልልታው ቀለጠ። ከቼሪ መንገድ የሚመጡት አሮጊት፣ እማማ ሣህሊቱ፣ ክንዱን ያዙት።

«የክርስትና ስሙን ንገረኝ፣ በጸሎት እንዳስበው።»

ይርጉን ላብ አጠመቀው። ምላሱ ላይ የመጣለትን «ወልደ ገብርኤል» አለ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ጥያቄው አይቀርም። «ወልደ ገብርኤል እንዴት ነው? እግሩ ጠናለት?»

«ይመስገን፣ እማማ።»

«ስገድ በለው እንግዲህ! በዳነ እግር የማይሰግድ ወዮለት!»

ምስጢሩን የምታውቀው ሚስቱ ባየሽ ደግሞ ቤት እየሳቀች ትቀበለዋለች። «ዘመድህ ትናንት ስንት ሆምረን መታ? ስንቷን ከአጥር አሳለፋት?»

የቡድኑ ባለቤቶች ለሎንጌ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አፈሰሱና ሌላ ደህና ሰው ለማምጣት እጃቸው አጠረ። ቡድኑ በየዓመቱ መጨረሻው ላይ ሲልፈሰፈስ ተሳፋሪው ይራገማል። «ሙሉ ገንዘቡን አንድ ጉልበት ላይ!» ይርጉ ያን ጉልበት ያቆመው እሱ ይመስል መሪውን ጨብጦ መንገዱን ብቻ ያያል።

በ2007፣ ገብርኤል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የተከለከለ የኃይል መርፌ ሲወጉ የኖሩ ተጫዋቾች ስም በሬዲዮ ተነበበ። ሎንጌም አለበት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሳቀ። «አሃ! ጉልበቱን ማን እንዳዳነው ታወቀ!»

ይርጉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃንጥላውን ማየት አቃተው። ቅዳሴ ላይ ሲዘረጋ ከምሰሶ ኋላ ይሸሸጋል። ሻትሉ ውስጥ፣ ዝናቡ መስታወቱን ሲመታ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሳሉ፣ «እግሩ ጠናለት?» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማዋል። ዞር ይላል። ማንም የለም።

የበዓሉ ዕለት እማማን ጥግ ላይ አገኛቸው።

«እማማ፣ ወልደ ገብርኤል የሚባል ሰው የለም።»

«ሞተ?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አይ... ፈረንጅ ነው። ኳስ ተጫዋች። ዘመዴም አይደለም፤ ያዳነውም መርፌ ነው። ዋሸሁዎት።»

በዚህ መሃል ታቦቱ ወጣ። ያ ጃንጥላ ከላዩ ተዘርግቷል፤ ከዘርፉ ጠብ ጠብ የሚለው ዝናብ የይርጉን ጫማ አረጠበው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አሉ እማማ ቀስ ብለው፣ «በሌለ ሰው ስም አሰገድከኝ?»

«ይፍቱኝ።»

«እኔ ቄስ ነኝ እንዴ?» ብለው ታቦቱን ተከትለው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ አልጠየቁትም። በሌላውም አልጠየቁትም። አጠገቡ ሲያልፉ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ይርጉ ያ ጥያቄ እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

በሚያዝያ ሬዲዮው ሎንጌ ሲሮጥ ወደቀ አለ። ያው ጉልበት ነው። በቃሬዛ ሲያወጡት የስታዲየሙ ሰው ሲያጨበጭብ ይሰማል። ሻትሉ ውስጥም አንዱ አጨበጨበ። «ይበለው!»

ይርጉ ሳያስበው ፍሬን ረገጠ። አማተበና «ወልደ ገብርኤል!» አለ ጮክ ብሎ።

ያጨበጨበው ሰው ግራ ገባው። «ማነው እሱ?»

«ዘመዴ ነው» አለ ይርጉ። «እግሩን ያመዋል።»