ቆዳ የለበሰው ጠመንጃ

ክሪስታል በምትባል የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩት አዛውንት የእይታቸው መሐሉ ጠፍቶ ጠርዙ ብቻ ቀርቶላቸው ነበር። ፊቴን ማየት ሲፈልጉ ወደ ጆሮዬ ነው የሚያዩት። ወደ ቤታቸው የምሄደው ቁርስ ላቀርብ፣ መድኃኒታቸውን ላስታውስ፣ ገላቸውን ሲታጠቡ በር ላይ ልቆም ነበር፤ በሳምንት አራት ቀን። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሥራዬ ሌላ ሆነ። ሴት ልጃቸው ኢገን ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ አግኝታላቸዋለች፤ እዚያ ጠመንጃ ይዞ መግባት አይቻልም። ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸው አሮጌ የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃዎች ደግሞ ምድር ቤቱን ሞልተው ቆመዋል። ከመሸጣቸው በፊት የእያንዳንዱ ማንነት ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም።

እስክሪብቶዬ ደብተር ላይ ሲጭር ሰምተው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ግጥም አልኳቸው።

«ገጣሚዎች ያላዩትንም ይጽፋሉ» አሉ። «እዚህ ቤት ያየኸውን ብቻ ነው የምትጽፈው።»

ሥራው እንዲህ ነበር። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ፎጣ እናነጥፋለን። ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበውን መዝጊያ ራሳቸው ይከፍቱና ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ባዶ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ እኔ አይቻለሁ ብላቸውም አይሰሙኝም። ከዚያ ለእኔ ይሰጡኛል። ሰደፉ ከብረቱ የሚጋጠምበት አንገት ላይ ነጭ ጠመኔ እቀባና በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ጠመኔው በየጭረቱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በአንዱ ጎን ዘውድ፣ የተሠራበት ፋብሪካና ዓመት፤ በሌላው ጎን ቁጥር። ያው ቁጥር መዝጊያው ላይም ተመትቷል። ሁለቱ ከተስማሙ አዛውንቱ «አልተፋቱም» ይላሉ። አንዲት ቀስት የመንግሥት ንብረት ማለት ናት። ሁለት ቀስቶች አፍ ለአፍ ከገጠሙ ግን መንግሥት አሰናብቶታል፣ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ማለት ነው።

እኔ ችኩል ነኝ። የመጀመሪያውን ጠመንጃ አፈሙዙን ብቻ አይቼ ዓይነቱን ተናገርኩ። ልክ ነበርኩ፤ ሆኖም ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ሁሉም ምልክት ሳይነበብ ስም አይሰጥም።

አንዳንዴ እቀናለሁ። አንድ ብረት የት ተወልዶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ መቼ እንደታደሰ ገላው ላይ ተጽፎ ይኖራል። ስለ አያቴ፣ ስለ እናቴ አባት፣ የማውቀው ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም።

አንድ ሐሙስ ያመጣሁላቸው ጠመንጃ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ቁጥሩ ካለበት ብረት ዝቅ ብሎ የሰደፉ እንጨት ተሰብሮ በጥሬ ቆዳ ተሰፍቷል። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተሰፍቶ ሲደርቅ እንጨቱን አንቆ ይዞታል፤ ስፌቱ አጠገብ ጥቂት የፍየል ጸጉር አሁንም አለ። በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ፈገግ አሉ። «ይኼ ያንተ አገር ሰው ነው» አሉኝ። ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው አሜሪካ ከተሸጡት አሮጌ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ሌሎች ሰብሳቢዎች ቆዳውን ገፈው እንጨቱን ይቀይራሉ፤ እሳቸው ግን ማን እንደሰፋው ሳያውቁ ስፌቱን መፍታት ነውር መሰላቸው።

ማታ ራት ላይ ነገሩን ለእናቴ አወራሁላት። ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለችው ጠባብ አፓርታማችን ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳችና ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አራት ማዕዘን የታጠፈ ወረቀት አመጣች። መሣሪያ አስረክቡ በተባለ ጊዜ ለአባቷ የተሰጠ ደረሰኝ ነው፤ ወንድሟ ከአገር ልኮላት ኖሯል። የእንግሊዝ ጠመንጃ፣ አንድ ይላል፤ ከሥሩ ቁጥር አለ።

«ቆዳ አለው ነው ያልከኝ?» አለች። «የአባባም ቆዳ ነበረው። በቅሎዋ ስትወድቅ ተሰብሮ ራሱ ነው የሰፋው።»

ከዚያ እስከዚያን ቀን ያልነገረችኝን ነገረችኝ። አባቷ ሲሞት እሷ በስደት ካርቱም ነበረች፤ መርዶው የደረሳት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለቅሶውን አልደረሰችም። በእነሱ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ፣ ልጆቹ እየተቀባበሉ ይዘውት እየዞሩ ያለቅሳሉ። የአባቷ ግን ጠመንጃውም አስቀድሞ ተወስዷል፣ እሷም የለችም። ካርቱም ውስጥ ሰው እንዳይሰማት ትራስ ነክሳ አደረች፤ ያ ለቅሶ አይባልም።

በማግስቱ የጠመንጃውን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አስተያየሁ። የመጀመሪያው ፊደልና ሁለት አኃዞች አንድ ናቸው። ሌላው አይገጥምም። የደረሰኙ ቁጥር ከመዝጊያው የተገለበጠ፣ መዝጊያውም የሌላ ጠመንጃ ሊሆን ይችላል ብዬ እሱንም በጠመኔ አየሁት፤ ከአንገቱ ጋር አንድ ነው። አልተፋቱም። መጋባታቸውን እንዲህ የጠላሁበት ቀን የለም።

ቤት ስገባ እናቴ ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን ገና አላየሁም አልኳት። ለምን እንዳልኩ አሁንም በደንብ አላውቅም፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር አንድ ቀን ላቆየው ፈልጌ ይሆናል። እሷ ግን ጠመንጃውን ልታይ ለሰኞ ኦፍ ጠየቀች። አሥራ አንድ ዓመት በሠራችበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ታምማ ካልሆነ ቀርታ አታውቅም።

ሰኞ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ነበር። አዛውንቱን አስቀድሜ አስፈቅጄአቸው ነበር፤ በር ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁን፤ እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ጨበጠቻቸው።

ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አጠገቡ ቆመች እንጂ አልነካችውም። ስፌቱን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ቁጥሩ ያው ነው?»

አዛውንቱ አማርኛ አይሰሙም። አዎ ብላት የሚያጋልጠኝ አልነበረም፤ ደረሰኙን ለማንበብ መነጽሯን እንኳን አልያዘችም። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን አዎ ካልኳት ከዚያን ቀን ጀምሮ የአያቴ ታሪክ የእኔ ድርሰት ይሆናል፤ እውነተኛውም ጠመንጃ የትም ይሁን የት ፈላጊ አይኖረውም።

«አይደለም፣ እማዬ። አርብ ዕለት አይቼዋለሁ።»

«አርብ?»

«አዎ። ዋሸሁሽ።»

የምትመታኝ መሰለኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። አዛውንቱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«መሣሪያ የሌለው ሰውም ይሞታል» አለች በመጨረሻ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። «ድሃም ይሞታል። ከጎረቤት ተውሰው ያለቅሱለታል እንጂ ዝም አይባልም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ውሸታም፣ ያውሱኝ እንደሆነ ጠይቃቸው።»

ተረጎምኩላቸው። ለምን ያህል ጊዜ ነው የምትፈልገው አሉ።

«አልቅሼ እስክጨርስ በላቸው።»

አዛውንቱ ጠመንጃውን አነሱ፤ መዝጊያውን ሳቡ፤ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው እሷ ወዳለችበት አቅጣጫ ዘረጉላት፤ ትንሽ ስተው ወደ መስኮቱ ነበር፤ እሷ ዞራ ተቀበለቻቸው።

አፈሙዙን ወደ ወለሉ ዘቀዘቀችው። በጠረጴዛውና በምድጃው መካከል ባለችው ቦታ መዞር ጀመረች፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ የሰው ቤት መሆኑን እንደማትረሳ ሰው። ከዚያ እኔ የማላውቀው ድምፅ ከውስጧ ወጣ።

«ሳልደርስልህ ቀርቼ አፈር ስትለብስ፣
በተውሶ መሣሪያ ደረስኩኝ ላለቅስ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ ግጥም ስጽፍ ግጥም ማወቋን አላውቅም ነበር። አንዱን ስንኝ ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል፤ ደብተሬንም አላወጣሁም። የአባቷን ስም፣ የበቅሎዋን መልክ፣ የወንዙን ስም እየጠራች አለፈች። ላገኘው የምችለው አያት ይኸው ነበር፤ እሱም በፍጥነት እያለፈ።

አዛውንቱ ምን እንደምትል በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ስለ አባቷ ነው አልኳቸው፤ ሌላውን መተርጎም አልቻልኩም። ጉልበታቸው ሁለት ደቂቃ አያቆማቸውም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ሰሟት፤ እስክትጨርስ ድረስ አልተቀመጡም።