ለአጭሩ ቴኒስ ተጫዋች የጸለዩት እናት

ከዙሪክ ወደ ጄኔቭ በባቡር ስሄድ አንዲት የአገሬ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ በስልኬ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ተጫዋች የሚገጥሙበትን ቴኒስ እያየሁ ነበር። ማየት ብቻም አይደለም፤ ትንበያ እንደ አክሲዮን በሚገዛበትና በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ «የግጥሚያውን ሁለተኛ ዙር ረጅሙ ያሸንፋል» የሚለውን ገዝቻለሁ።

እማማ ጎንበስ ብለው ስልኬን አዩ። አጭሩ ተጫዋች ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«እየተሸነፈ ነው፣ እማማ።»

«ውይ! እናቱ እያየችው ይሆናል እኮ። በል አብረን እንጸልይለት» ብለው ቀኝ እጄን ያዙ።

ገንዘቤ በረጅሙ ላይ ነው ብዬ እንዴት ልናገር? አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ።

አጭሩ ነጥብ ይደራርብ ጀመር፤ የገዛሁት ትንበያ ዋጋ ቁልቁል ወረደ። ቶሎ መሸጥ ነበረብኝ። ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ እጄን እንዲህ አጥብቆ የያዘኝ ሰው አልነበረምና ማስለቀቅ አልሆነልኝም።

ዙሩን አጭሩ አሸነፈ። እማማ እልል ሲሉ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩና ለሦስተኛው ዙር አጭሩን ገዛሁ።

እማማ ስልኩን ደግመው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ውይ ልጄን! አሁን ደግሞ ረጅሙ አዘነ» ብለው እጄን መልሰው ያዙ። «በል ለሱም እንጸልይለት።»