አባቴ የጣሉት ግዝት
ስለ አባቴ «ግትር ቄስ ነበሩ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ግትርስ ነበሩ፤ እኔ ራሴ ተጣልቻቸዋለሁ። ግን ያን እሑድ ያላየ ሰው ባያወራ ይሻላል።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነው። ይጁቤ በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ከወላጆቼ ቤት እኖር ነበር። የስድስት ዓመት እህቴን ትኩሳት ጣላት፤ አንገቷም አልታጠፍ አለ። አባቴ የሰባት ቀን ጠበል አስያዟትና ሰባቱ ሳይሞላ መድኃኒት እንዳይነካት ግዝት ጣሉ። ጠበልና መርፌ አይቀላቀልም፣ የቀላቀለ ጠበሉን ንቋል ይባል ነበር። «ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንውሰዳት» ብዬ ብለምን፣ ብቆጣ፣ «ቃሌን አላጥፍም» አሉኝ። አኮረፍኳቸው።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የጤና ፊልም የሚያሳይ መኪና መጣ። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈንን። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለነበር እኔ ከጎን ቆሜ አስተረጉማለሁ፤ አባቴ ከካህናቱ ጋር ፊት ተቀምጠዋል።

በፊልሙ ላይ አንድ የፈረንጅ ገበሬ ልጁ ታማበት ሐኪሙን ከደጅ ይመልሳል። «ሐኪም ካስገባሁ እግዚአብሔርን ከዳሁት ማለት ነው» ይላል ብዬ ተረጎምኩ። እውነቱን ልናገር፣ የተረጎምኩት ለሕዝቡ አልነበረም፤ አባቴን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር። ልጅቷ ሞተች።

አባቴ ተነሡ። ሊያወግዙን ነው ብዬ ፈራሁ።

«ያ ሰውዬ ከቃሉ የሚፈታው የነፍስ አባት አልነበረውም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ፊልሙ ላይ የለም፣ አባባ።»

«እኔ ግን አለኝ» አሉ።

የነፍስ አባታቸው አጠገባቸው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ዳዊት ያስደገሙት፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ቄስ። ስንቱን ከግዝት የፈቱት አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እግሩ ሥር ተንበረከኩ።

«ልጄን በግዝት አስሬያታለሁ። ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

ወጣቱ ቄስ መስቀሉን አውጥቶ ግንባራቸው ላይ አሳረፈ። «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አለ በመከራ። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያን ጊዜ አወቅሁ።

እህቴን በዚያው በፊልሙ መኪና ደብረ ማርቆስ አደረስናት። መርፌው አዳናት፤ በበሽታው የደነቆረው ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ እንደነበር ነገረን።

ይጁቤ ስንመለስ ሰዉ «የአባታችን ጠበል አዳናት» እያለ እልል አለ። አባቴ ዝም ቢሉ ክብራቸው እንደተጠበቀ ይኖር ነበር። እሳቸው ግን በሚቀጥለው እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ እህቴን ይዘው ከሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ጠበሉንም መርፌውንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው። ልጄን ያደነቆርኳት ግን እኔ ነኝ፤ አራት ቀን አዘገየኋት። እናንተ ልጆቻችሁን አታዘግዩ።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እህቴ የአባቴን እጅ እንደያዘች፣ ሰዉ ለምን እንደሚያለቅስ ግራ ገብቷት ቀና ብላ ታያቸው ነበር።