ወደቡ ሲቃረብ

ሴትዮዋ ጀልባው ላይ ስትወጣ ቲኬት ቆራጩ የምትቀመጥበትን ያውቃል፤ መሀል ላይ፣ ነፋስ የሚያገኘው አግዳሚ ጫፍ። ሎሚዋን በአንድ እጇ፣ ባዶ ፌስታሏን በሌላው ይዛ ዓይኗን ከማዶ ተራራ ላይ ትተክላለች። ውሃው አንጀቷን እንደሚገለብጠው ታውቃለች። እንደለመደችው እንግዳ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።

ዛሬ ማዕበሉ ብሶበት ነበርና፣ «እናቴ፣ ለምን ለነገ አያደርጉትም?» አላት ቲኬት ቆራጩ።

«ነገም ውሃው ያው ውሃ፣ እኔም ያቺው እኔ ነኝ» አለችው። ጀልባው ከተንቀሳቀሰ ብዙም ሳይቆይ ፌስታሉን ከፈተችና ድምፅ ሳታሰማ አስመለሰች። ቋጥራ አስቀመጠችው፤ አፏን ተጉመጠመጠች። አጠገቧ ሲስቅባት የነበረው ፈርጣማ ሰውዬ ፊቱ አመድ ሲመስል ከቦርሳዋ ሌላ ፌስታል አውጥታ ሰጠችው።

«አይዞህ፣ አይገድልም።»

ወደቡ ሲቃረብ እንደ ወትሮዋ መስታወት አወጣች። ከንፈሯን ቀባች፤ ጉንጯ ደም እስኪመስል ቆነጠጠችው፤ የተተኮሰ የወንድ ቢጃማ ያለበትን ዘንቢል አነሳች።

«ይሄን ሁሉ ተሠቃይተው ደግሞ መኳኳል?» አለ ቲኬት ቆራጩ።

«ሆስፒታል የተኛው ባሌ ነው» አለች፣ ወደ መውረጃው እየተራመደች። «ለአንድ ቤት አንድ በሽተኛ ይበቃል።»