ስምንት ባና፣ አንድ ማይክ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ሱቄ ገብቶ ስምንት ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጠየቀኝ። ለመልበስ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። ቤቱ ውስጥ ድራም አለው፤ እዚያው መቅዳት ፈልጎ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አስቸግሮታል። አንዱን ባና ዘርግቼ ሳራግፈው ያ የበግ ጠጉር ሽታ፣ ካፊያ የነካው የመንዝ ሱፍ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላው። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምነው አባቴ፣ አመመዎት?» አለኝ።

አላመመኝም። በሐሳብ መንዝ፣ ሞላሌ ደርሼ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔ በሞላሌ ገበያ ካሴትና ባትሪ ድንጋይ እሸጥ ነበር። ካሴቱ ሁሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ የአገሬ ሰው ግን ለሠርጉ የሚወደው የራሱን ከበሮ ነው። ይህን ሌላ ነጋዴ አላየውም፤ እኔ አየሁትና የሠርግ ከበሮ በካሴት ቀድቼ ልሸጥ ቆረጥሁ። ያየሁትን ሁሉ ባላይ ኖሮ ዛሬ እንቅልፌ የተሻለ ይሆን ነበር። ሠርግ የሚጀመረው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስለሆነ ካሴቴን ለዚያ ለማድረስ በሁዳዴ መቅዳት ነበረብኝ። በሁዳዴ ደግሞ ከበሮ አይመታም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የራሷን ከበሮ አሳርፋ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚያዜሙት።

ይባስ ብሎ የመረጥሁት መቺ ዲያቆን ነበር፣ አብሮ አደጌ። ሰባት ዓመት ከደብራችን መሪጌታ ሥር ተምሯል። መሪጌታው አንድ ነገር ልባቸውን ሲነካው «ይበል!» ይላሉ፤ ለሌሎች ተማሪዎች ቅኔ ሲሉ ሰምተናል። ለእሱ ከበሮ ግን አንድም ቀን አላሉም። «ቀኝህን አለዝብ» ብቻ ነው። እሱ ያችን ቃል የክረምት ፀሐይ እንደሚጠበቅ ይጠብቃት ነበር። ለመጪው ፋሲካ የማሕሌቱን ከበሮ እሱ ይምታ የሚል ወሬም ተነሥቶ፣ የመጨረሻው ቃል የመሪጌታው ነበር።

«አንተ ሰይጣን፣ በሁዳዴ?» አለኝ ነገሩን ሳነሣበት።

«ማን ይሰማል? በገበያ ቀን ነው። ቤቱን ባና አለብሰዋለሁ።»

«የኔታስ?»

«የኔታ ጆሯቸው ደክሟል።»

«ለሰው ወሬ ነው የደከመው፤ ለከበሮ አይደለም።»

ይህን ያለው እየሳቀ ነበር። ሲስቅ እሺ ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከተማው ጥግ ያለው የአክስቴ የድንጋይ ቤት ገባን፤ እሷ ገበያ ወጥታለች። ከዘመድ ሁሉ የለመንሁትን ስምንት ባና ከዳር እስከ ዳር ሰቀልን። ቤቱ በአንዴ ጨለመ፤ የራሳችን ትንፋሽ እንኳ ባናው ውስጥ እየገባ ይቀር ነበር። ዲያቆኑ የሠርጉን ከበሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። የመቅጃ ቴፔን ማይክ ከሰፊው አፍ ፊት ባደርገው ቴፑ እንደ በሬ አገሳ። ወደ ጠባቡ አፍ ባዞረው ጣውላ የሚቆረቁር መሰለ። ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ ባንጠለጥለው ሁለቱም አፎች ተሰሙ፤ ግን ከበሮው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ይመስላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ታየኝ። የኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ ከባናው ጀርባ፣ ጭስ የሚወጣባት ቀዳዳ አለች። ማይኩን እዚያ፣ በባናውና በድንጋዩ መካከል ሸጎጥሁት። ሱፉ ከበሮውን አለዘበው። ሞክረን ስንሰማው ዲያቆኑ አፉን ይዞ ቀረ፤ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። እኔም እንደ መሐንዲስ ተኮፈስሁ።

የሠርጉን መታ፤ የሙሽራ ማስገቢያውን፣ የጭፈራውን። ካሴቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዓይኑን ጨፈነና ያልተስማማንበትን ጀመረ። የፋሲካውን ነበር። እንደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ኋላ እያጣደፈ። ቴፑን ላቁም አልሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲያልቅ ሁለታችንም በላብ ርሰን ነበር።

ለአየር ብሎ በሩን ከፈተ። ከፍቶም እንደ ድንጋይ ቆመ።

ከቤቱ ጀርባ ዞራ ከበሩ ፊት ለፊት ወደ ላይ በምትወጣው መንገድ ላይ መሪጌታው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ መቋሚያቸውን እየጣሉ፣ ከወትሯቸው ፈጠን ብለው። አልዞሩም።

የዲያቆኑ ፊት አመድ መሰለ። «ሰምተዋል» አለ። «በሰው ፊት ከማሕሌት ሲያወጡኝ ቆሜ አላይም።»

«ቆይ፣ ምን እንዳሰቡ በምን አወቅህ?»

«ሰባት ዓመት አውቃቸዋለሁ!»

ወደ ቤቱ ሮጠ። ይመለሳል፣ ድንጋጤው ይበርድለታል አልሁ። ካሴቱን ልሰማ ብል ደግሞ የቴፑ ድንጋይ ደክሞ ድምፁ ይጎተታል። አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ፀሐይ የጠገበ ድንጋይ ጥቂት ያገለግላል። እኔ ድንጋይ ሳሞቅ፣ እሱ የገበያውን ዕቃ አራግፎ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚመለሰው የጭነት መኪና ተሳፍሮ ነበር።

ድንጋዩን መልሼ ከተትሁና ቴፑን ከፈትሁት። ሠርጉ አለፈ። ፋሲካው መጣ። መሐሉ ላይ ከከበሮው ቀርቦ፣ ጆሮዬ ሥር የተነገረ ያህል፣ የሽማግሌ ትንፋሽ ተሰማ። በዚያች ቀዳዳ ከግድግዳው ወዲያ የቆመ ሰው ለማይኩ ከከበሮው ይልቅ ቅርብ ኖሯል። መቋሚያው በቀስታ መሬቱን እየነካ ምቱን ይከተላል። ከዚያ፣

«ይበል… ይበል፣ ልጄ።»

ካሴቱን ይዤ ወደ ቤቱ፣ መኪና ሊሳፈር ወጥቷል ቢሉኝም ወደ መኪና ማቆሚያው በረርሁ። የቀረው የጎማ ዱካና የናፍጣ ሽታ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታው ሱቄ ድረስ መጡ።

«ያ ልጅ ዛሬ አልታየም። ወዴት ሄደ?»

«አዲስ አበባ፣ የኔታ።»

«በሁዳዴ ምን ሊያደርግ?»

«እርስዎን ፈርቶ ነው።»

«ማንን? እኔን?» የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ሰማይ የተጫናቸው መሰለ። «እኔ እኮ እንዳያፍር ብዬ ነው ቶሎ የሄድሁት» አሉ። «ቢያየኝ መቆጣት ይገባኝ ነበር። መቆጣት አቃተኝ።»

ካሴቱን ላሰማቸው አልሁ። እጃቸውን አወዛወዙ። «የሱ ነው። ለሱ አድርስለት።»

ፋሲካ ደረሰ፤ ከበሮውን ሌላ መታው። ደህና መታ። መሪጌታው ግን ዓይናቸው ከበሩ አልተነሣም።

ካሴቱን አልሸጥሁትም፤ ነጋዴነቴን የሚያውቅ ይህን አያምንም። አዲስ አበባ በወጣሁ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበር። ዲያቆኑን በየአጥቢያው ጠየቅሁ፣ በየጋራዡም ጠየቅሁ። አንዱ አየሁት ይላል፣ ሌላው ሞቷል ይላል። መሪጌታው ካረፉ ቆዩ። እኔ ሸመገልሁ፤ ካሴቱ አሁን ከሱቁ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሚያጫውተው ቴፕም ከተበላሸ ሰነበተ።

ጎረምሳው ስምንቱን ባና ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ እንደ ቀልድ፣ «አባቴ፣ ማይኩን ታዲያ የት ላድርገው?» አለኝ።

«የትም አድርገው» አልሁት። «ብቻ ቀድተህ ስትጨርስ፣ በሩን ከመክፈትህ በፊት፣ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ስማው።»